ከረጢቱ ላይ ምን እንጻፍ?

ዛሬ ዛሬ በየሰፈራችን አንድ ነገር የማይሸጥ ቤት ማግኘት እያስቸገረ ነው። ጡረታቸው ወር አላደርስ ያላቸው ባልና ሚስት ሽሮ አስፈጭተው ይሸጣሉ። ከሥራ የተቀነሰች እናት የሕፃናት ምጥን ታዘጋጃለች። አንዷ በርበሬ፣ ሌላዋ በሶ፣ ሌላው ከአገር ቤት ዘመድ የላከለትን ማር እያሸገ ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ ያቀርባል። ልጆች ያሏቸው ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ ለማያውቁት ሰው ጭምር ይሸጣሉ። ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ቃል ነው። በአንድ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ላይ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጨጓራ፣ ሪህና ኮሌስትሮል በተርታ ተጽፈው «ለሁሉም ፍቱን!» የሚል ሲጨመርበት፣ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ያሳለፍኩ ነርስ ነኝና አይቶ ማለፍ ይከብደኛል። ያን ከረጢት የሚገዛው የልጅ ልጁን የሚያሳድግ አያት፣ ወይም ክኒኑን በየቀኑ የሚውጥ አባት ነው። ሰውየው የሚያነበው ቃል ሆዱ ውስጥ የሚገባውንም ሆነ የሚተወውን መድኃኒት ይወስንለታል።

ይህን ስል ግን ሻጮችን ለመውቀስ አይደለም። አብዛኞቹ የማውቃቸው ጎረቤቶቼ ናቸው፤ የሚያቀርቡትም ጥሩ ዕቃ ነው። ችግሩ ጥሩውን ዕቃ በመጥፎ ቃል መሸጣቸው ነው። ግልጽና እውነተኛ ቃል ለገዢው ጤና ብቻ ሳይሆን ለሻጩም ገበያ የሚበጅ መሆኑን ነው ዛሬ ማሳየት የምፈልገው።

እናቶቻችን እንዴት ይሸጡ ነበር?

እናቶቻችን ማስታወቂያ የሚባለውን ቃል ባያውቁትም ማስተዋወቅን አሳምረው ያውቁበት ነበር። በርበሬ ሻጯ ቁንጥር አድርጋ የገዢዋ መዳፍ ላይ ታደርግላታለች፤ ገዢዋ አሽታ፣ ቀምሳ ትወስናለች። ቅቤ ሻጯ ከመሃል በስንጥር አውጥታ ታሸታታለች። ማሩም ቢሆን ሳይቀመስ አይገዛም። በሰፈር መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ጣሳ በእንጨት ላይ ተደፍቶ ከደጃፍ ከቆመ፣ ማንበብ የማይችለው መንገደኛ ሳይቀር «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ብሎ ያነበዋል። ጣሳው «የአገሪቱ አንደኛ ጠላ» አይልም፤ «ኩላሊት ያጥባል» አይልም። አለ የሚለው ነገር አለ፤ ሌላው የቀማሹ ፋንታ ነው።

እንዲህ ባለው ገበያ ሻጭና ገዢ «ደንበኛ» ይሆናሉ። ደንበኝነት ማለት ዛሬ የገዛሽው በርበሬ ካላማረሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺው ሴት እዚያው ቦታ ተቀምጣ ታገኛታለሽ ማለት ነው። ሴትዮዋ ፊትሽን ስለምታይ አትዋሽም፤ ብትዋሽም ሁለት ጊዜ አትዋሽም።

አሁን ከረጢቱ ታሽጓል። በላስቲክ ውስጥ ያለ ዱቄት አይሸተት፣ አይቀመስ። በስልክ አዝዞ በሞተር ሳይክል የሚላክለት ሰው የሻጩን ፊት እንኳ አያይም። ስለዚህ ያ ቁንጥር ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን መሥራት ያለበት ጽሑፉ ነው። ከረጢቱ ላይ የምንጽፈው ቃል ለገዢው «እንኪ ቅመሽው» ማለት መቻል አለበት። የመሐላ ብዛት ይህን አይተካም። «የማይተማመኑ ባልንጀሮች በየወንዙ ይማማላሉ» ይባል የለ? «እውነተኛ፣ ኦሪጅናል፣ መቶ በመቶ ንጹህ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት» እያለ በአንድ ከረጢት ላይ አራት ጊዜ የሚምል ሰው ሲያጋጥመኝ እኔ በበኩሌ ጥርጣሬዬ ይብስበታል።

አንዲት እናት ያመጣችልኝ ወረቀት

የሁለት ልጆች እናት የሆነች የሰፈራችን ልጅ የምትሠራበት ድርጅት ሲዘጋ የልጆች ገንፎ ዱቄት ማዘጋጀት ጀመረች። እጇ ንጹህ ነው፤ እህሉን ራሷ ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ትቆላለች። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዷ በፊት ግን «ሲስተር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ «ለአእምሮ ዕድገት፣ ለአጥንት ጥንካሬ፣ በሽታን ለመከላከል! ከ21 የእህል ዓይነት የተዘጋጀ! ከ4 ወር ጀምሮ! በነርስ የተረጋገጠ!»

ነርሷ እኔ መሆኔ ነው።

ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ አየነው። «በነርስ የተረጋገጠ» የሚለውን በቅድሚያ አስወጣሁት። እኔ የማየው በዓይኔ ነው፤ በዱቄቱ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ብረት፣ ምን ያህል ሻጋታ እንዳለ የሚያውቀው ላቦራቶሪ እንጂ ዓይን አይደለም። ያልመረመርኩትን አረጋግጫለሁ ብል የኔም የሷም ቃል ይረክሳል።

«ከ4 ወር ጀምሮ» የሚለው ደግሞ ሕፃን የሚጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የኛው ጤና ጥበቃ የሚመክሩት አንድ ነው፦ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳ ሳይጨመር፤ 6 ወር ሲሞላ ተጨማሪ ምግብ፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። የአራት ወር ሕፃን ገንፎ ሲበላ ጡቱን ይቀንሳል፤ ከገንፎው ጋር የሚገባው ያልጠራ ውሃና ዕቃ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። ሻጯ ሁለት ወር ቀድማ መሸጥ ብትጀምር የምታገኘው ሁለት ከረጢት ቢሆን ነው። ልጁ የሚያጣው ግን ከዚያ የከበደ ነው።

«ከ21 የእህል ዓይነት» የሚለው ለሰሚው ብዙ ይመስላል። በየገበያው የዓይነት ብዛት እንደ ማዕረግ ስለሚቆጠር አሥራ አምስት ያለውን ሃያ አንድ ያለ ይበልጠዋል። ነገር ግን ለሕፃን ጨጓራ አዲስ ምግብ የሚጀመረው በጥቂቱ ነው። ልጁ ሰውነቱ ሽፍ ቢልበት፣ ከንፈሩ ቢያብጥ ወይም ቢያስመልሰው፣ ከሃያ አንዱ የትኛው እንዳልተስማማው እናት እንዴት ትወቅ? ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ «አራት ዓይነት ይበቃል፤ አራቱንም በስማቸው ጻፊያቸው» አልኳት።

«ለአእምሮ ዕድገት» የሚለው ቀረ። ማንም እናት ቤቷ ሄዳ ልታረጋግጠው አትችልም፤ ሻጯም ራሷ አታውቀውም። ይልቅ የምታውቀውንና ሌላው የማይጽፈውን እንድትጽፍ ነገርኳት። ለምሳሌ ገብሱን አብቅላ አድርቃ ከምጥኑ ጋር ትቀላቅለዋለች። ብቅል ለጠላ ብቻ አይደለም። የበቀለ እህል በጥቂቱ ሲገባበት ወፍራሙን ገንፎ ያቀጥነዋል፤ እናትየዋ ብዙ ውሃ ሳትጨምር ዱቄቱን በርከት አድርጋ ልታበስል ትችላለች፣ ልጁም በትንሽ ማንኪያ ብዙ ኃይል ያገኛል። ይህ የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ በሳይንስም የታወቀ ነው።

አብረን ተቀምጠን በመጨረሻ የደረስንበት ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«የልጆች ገንፎ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ። 6 ወር ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች። ውስጡ ያለው፦ አጃ፣ የበቀለ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ። ጨው፣ ስኳርና ወተት አልተጨመረበትም። ተለቅሞ፣ ታጥቦና ተቆልቶ የተፈጨበት ቀን ከታች ተጽፏል። በደንብ አብስለው፣ እንቁላል ወይም ወተት፣ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨምሩበት። የእናት ጡትን አይተካም። ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከከፈቱት በ1 ወር ውስጥ ይጨርሱት። ያልተስማማ ነገር ካለ ይደውሉልኝ።» ከሥሩ ስልኳ።

አነበበችውና ፊቷ አልፈካም። «ሲስተር፣ ይሄ እኮ አያስገዛም። ሰው ሁሉ ያድናል፣ ያጠነክራል እያለ እኔ ብቻ አይተካም፣ እንቁላል ጨምሩበት እያልኩ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ልጆቿን የምታበላው ከዚያ ዱቄት በምታገኘው ነው። እኔም «ከረጢቱን የምታነበው እናት ማታ ልጇ አልበላ ብሎ የጨነቃት እናት ናት። ለሷ የሚጠቅማት እንዴት እንደምታበስለው፣ ምን እንደምትጨምርበት፣ ካልተስማማው ማን ጋ እንደምትደውል ነው። ይህን የጻፈላት ሻጭ አንቺ ብቻ ከሆንሽ አንቺን አትረሳሽም» አልኳት።

ብዙ ሳይቆይ አንዲት አያት ወደ ቤቷ መጡ። የልጃቸው ልጅ ገና አራት ወሩ ነው። ዱቄቱን ሊገዙ ገንዘባቸውን አውጥተዋል። እሷም ከረጢቱ ላይ ያለውን አሳይታ «እማማ፣ ሁለት ወር ይጠብቁኝ፤ አሁን ጡቱ ይበቃዋል» ብላ መለሰቻቸው። ሴትዮዋ ለራሳቸው በሶ ገዝተው ሄዱ። በሁለተኛው ወር ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ጎረቤታቸውን ይዘው ነበር። ለጎረቤታቸው የነገሯት «ጎበዝ ዱቄት አላት» ብለው ሳይሆን «አልሸጥልዎትም ያለችኝ ልጅ ይቺ ናት» ብለው ነው። አንዲት ሻጭ በገንዘብ ልትገዛው የማትችል ማስታወቂያ ቢኖር ይህ ነው።

ነጭ ልብስ ዕቃ ሲሸጥ

«በነርስ የተረጋገጠ» የሚለውን ለምን እንደዚያ እንደፈራሁት በእኔ ዕድሜ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ይገባቸዋል። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹና 1970ዎቹ የሕፃናት የዱቄት ወተት የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች በድሃ አገሮች ምርታቸውን ያስተዋውቁ የነበረው ነርስ ቀጥረው፣ ወይም ነርስ የሚያስመስል ነጭ ልብስ ያለበሷቸውን ሴቶች ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ እናቶች ቤት እየላኩ ነበር። ገና የወለደች እናት ነጭ የለበሰችውን ሴት ታምናለች። ጡቷን ትታ ዱቄቱን ትገዛለች። ነጻ የተሰጣት ሲያልቅ ጡቷ ደርቋል፤ ዱቄቱ ውድ ስለሆነባት በውሃ ታቀጥነዋለች፤ ውሃው ንጹህ አይደለም። ብዙ ሕፃናት በተቅማጥና በምግብ እጥረት አለቁ። በ1974 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጉዳዩን ለዓለም ካወጣው በኋላ ተቃውሞው በረታ፤ በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮች እንዴት መሸጥ እንዳለባቸው የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ደንብ አጸደቀ።

የኩባንያዎቹ ዱቄት በራሱ መርዝ አልነበረም። የጎዳው በማን ስምና ለማን እንደተነገረ ነው። የኛ ሰፈር ሻጭ ትልቅ ኩባንያ አይደለችም፤ ከረጢቷን የሚያነብ ሕፃን ያለው ቤት ግን ያው ነው።

ከዚሁ ዘመን የሚመሰገን ምሳሌ እኛው አገር አለን። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል የተዘጋጀው የልጆች ምግብ «ፋፋ» ተባለ። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ ስም በኋላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ ፋፋ ማለት ገላው ሞላ፣ አደገ፣ ወዙ መጣ ማለት ነው። ልጁ ይፋፋ አይፋፋ ደግሞ እናት በዓይኗ ታየዋለች፤ ጤና ጣቢያም ሚዛን ላይ ይታያል። ስሙ ሚዛን ላይ የሚፈተን ቃል ነው። ብዙዎቻችን ያንን ቃል እየሰማን ያደግን፣ ልጆቻችንንም በሱ ያሳደግን ነን።

ቤት ተሂዶ የሚረጋገጥ ቃል

እንግዲህ ለአነስተኛ ነጋዴ የምሰጠው ዋናው ምክሬ ይኸው ነው፦ ገዢው ቤቱ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ብቻ ጻፉ። «በርበሬው መካከለኛ ማቃጠል አለው» ካላችሁ ሰውየው ወጡን ቀምሶ ይፈርዳል። «በጥቅምት የተፈጨ» ካላችሁ ሽታው ይመሰክራል። «ይህ አንድ ኪሎ ነው» ካላችሁ ጎረቤት ሱቅ ሚዛን አለ። እንዲህ ያለ ቃል ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሲገኝ ሰውየው አራተኛውን ሳይፈትን ያምናችኋል። ይህ ነው ገበያ የሚባለው።

«ደም ግፊትን ያጠፋል» የሚለውን ግን ማን ያረጋግጠዋል? ደም ግፊት አያምም። የላይኛው ቁጥር ከ140፣ የታችኛው ከ90 በላይ ሆኖ ሰው ለዓመታት ሲስቅና ሲጫወት ይኖራል። ክኒኑን ትቶ ዱቄት መጠጣት የጀመረ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ምንም አይሰማውም፤ ስለዚህ «እንዴት ደስ የሚል መድኃኒት ነው» ብሎ ለሌላው ይመክራል። በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያሉ አባት ገጥመውኛል። ሁለት ወር ሙሉ ክኒናቸውን መሳቢያ ውስጥ ትተው የተፈጨ ቅጠል በውሃ በጥብጠው ሲጠጡ ቆይተው፣ አንድ ጠዋት አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ልጆቻቸው ደግፈው አመጧቸው። ከረጢቱን ልጃቸው ይዞት መጥቶ ነበር። ስምንት በሽታ ተጽፎበታል። ስልክ ቁጥር ግን አልነበረበትም።

ይህን ስል ቅጠሉን አልወቅስም። ሽፈራው መልካም ምግብ ነው፤ በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ሰዎች እንደ ጎመን ቀቅለው ሲበሉት የኖሩ ናቸው። ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም በየቤታችን ቦታ አላቸው። ሽፈራው የሚሸጥ ሰው «ከኮንሶ የመጣ፣ በጥላ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል፤ ወጥ ውስጥ ይጨምሩት፤ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒትዎን አይተዉ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? እንዲያውም «ከኮንሶ የመጣ፣ በጥላ የደረቀ» የሚለው ከስምንቱ በሽታ ይልቅ ሰው ያስታውሰዋል። ዕቃው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሠራ መናገር ለሻጩ ነጻ ነው፤ ለገዢው ግን ዋጋ አለው።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ምግብና መድኃኒትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። በተለይ የልጆች ምግብ ከጎረቤት አልፎ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚወጣ ከሆነ ቁጥጥር ያለበት ነውና፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድ በፊት ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ከተከሰሱ በኋላ ከመጠየቅ፣ ሳይከሰሱ መጠየቅ ይቀላል።

እውነቱ ወፍጮ ቤት ሲደርስ

አንዳንድ ቃል ከቤት ሲወጣ እውነት ሆኖ መንገድ ላይ ውሸት ይሆናል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን ሲሊያክ የሚባል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አንጀት ይጎዳል። ውጭ አገር ላለ ዘመዳቸው «ግሉተን የሌለው የጤፍ ዱቄት» ብለው የሚልኩና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ታዲያ ጤፉን ያስፈጩት በሰፈር ወፍጮ ቤት ነው፤ ከእነሱ ፊት ያለው ሰው ስንዴ ሲያስፈጭ ነበር። የስንዴው ትራፊ ወፍጮው ውስጥ ቀርቷል። ለኔና ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ለበሽተኛው ግን ጥቂቱም ይበዛበታል። እንዲህ ከሆነ የሚጻፈው «የጤፍ ዱቄት፤ ስንዴም በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ» የሚለው ነው። የታመመው ሰው ያንን አንብቦ ይተወዋል፤ ያልታመመው ይገዛዋል፤ ሁለቱም ሻጩን ያመሰግኑታል።

ማርም እንዲሁ ነው። ማር ሲበርድ ይረጋል፣ ይጠጥራል። ይህ የማር ጠባይ ነው፤ ገዢው ግን «ስኳር ቀላቅለውብኛል» ብሎ ይመልሰዋል። ማሮው ላይ «ሲበርድ ይረጋል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይፈታል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይስጡ» የሚል ቢጻፍ ሻጩ ከጭቅጭቅ ይድናል፤ ሕፃኑም ይድናል። በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በትንንሽ ሕፃናት አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያመነጫልና ነው። ለአራስ ልጅ ጣት በማር ነክሮ ማስላስ የለመድን አያቶች ይህን ልብ ልንል ይገባል።

በርበሬና ሽሮ ላይ ደግሞ የምትጠቅም አንዲት አጭር መስመር አለች፦ ጨው አለው ወይስ የለውም? ብዙ ጊዜ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ። ባለቤቷ ደም ግፊት ያለበት ሴት ወጡ ላይ ሌላ ጨው ትጨምራለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። «ጨው የለውም፤ እንደ ልክዎ ይጨምሩ» የሚል ሽሮ ባገኝ እኔ ራሴ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም እሱን እገዛለሁ።

ሌላው እርጥበት ነው። ኦቾሎኒና በርበሬ በደንብ ሳይደርቁ ከታሸጉ ሻጋታ ያበቅላሉ፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። መቁላትና ማብሰል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተፈጨበትን ቀን መጻፍ ጌጥ አይደለም። ለማን የትኛው ፍጭ እንደተሸጠ በአንድ ደብተር መመዝገብም ይጠቅማል። አንድ ዙር እርጥበት ነክቶት ከተገኘ ደውሎ «ያንን አይጠቀሙበት፣ እቀይርልዎታለሁ» ማለት ይቻላል። የአንድ ኩንታል ኪሳራ ያማል፤ ግን ኩንታል ይተካል። ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል።

ከማተሚያ ቤት በፊት

ሽሮም ይሁን ማር፣ ምጥንም ይሁን በሶ ለመሸጥ የተነሳችሁ ሁሉ ማታ ቁጭ ብላችሁ ለነዚህ ጥያቄዎች በአጭር በአጭሩ መልስ ጻፉ፦

ይህ ነገር ምንድን ነው? ስሙን ልጅም በሚገባው ቃል።

ውስጡ ምን አለ? ሁሉንም፣ በስማቸው። ጨው፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና ወተት ካለው በተለይ።

ለማን ነው? ለማንስ አይሆንም?

መቼ ተዘጋጀ? እስከ መቼ ይቆያል? የት ይቀመጣል?

እንዴት ይበስላል?

ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው? አንድ ነገር ብቻ፤ ያውም ገዢው ሊያየው ወይም ሊቀምሰው የሚችል።

ችግር ቢመጣ ማን ጋ ይደወላል?

ከዚያ ጽሑፉን ዕቃውን ለማያውቅ ሰው፣ ቢቻል ለአንዲት አያት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ምን ማለት ነው?» ብለው የጠየቁበትን ቃል ቀይሩት። ልጆቻችሁ ለቲክቶክ ሲቀርጿችሁም እንዲሁ ነው። ከውጭ አገር የተወሰደ የሚያምር ፎቶ ከምትለጥፉ የራሳችሁን እጅ፣ የራሳችሁን ሰፌድና የራሳችሁን ምጣድ አሳዩ። ያልገዛን ሰው «ድኛለሁ» አታሰኙት። የገዛች ሴት «ሁለተኛ ጊዜዬ ነው» ካለች እሷን በፈቃዷ አሰሟት፤ ይበቃል።

የምንገዛ አያቶችና ወላጆችም ድርሻ አለን። ሻጭ የሚጽፈው እኛ የምንጠይቀውን ነው። «ስንት በሽታ ያድናል?» ብለን ከጠየቅን በሚቀጥለው ወር ከረጢቱ ላይ ዘጠነኛ በሽታ ይጨመራል። «መቼ ተፈጨ? ጨው አለው ወይ? ለስንት ወር ልጅ ነው?» ብለን ከጠየቅን ደግሞ መልሱ ቀስ በቀስ ከረጢቱ ላይ መታተሙ አይቀርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ገበያም ውስጥ እንደዚያው ነው። ክኒናችሁን ደግሞ ሐኪማችሁ ሳያውቅ ለማንም ከረጢት ብላችሁ አትተዉ።